ሁለተኛ ማርሽ ይተፋል፦ የአባቴን ሞተር ካምቢዮ ላውርደው ወይስ ልተወው?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ሰራተኛ ሰፈር ነው። ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ ቢኤምደብሊው አር 75/5 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በርሊን የተሠራ፣ 745 ሲሲ፣ ባለ አራት ማርሽ፣ በሰንሰለት ሳይሆን በካርዳን (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማው በሚያደርስ ዘንግ) የሚሄድ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በ1966 ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝቶ አርባ አምስት ዓመት ነዳው። በ2011 ሰኔ መጨረሻ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ሲባል ሸራ አለበሰው። እሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ባለፈው ወር ካርቡራተሮቹን አጥቤ ሞከርኩት፤ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ አለቀሰች። ከግቢው በር እስከ ኮብልስቶኑ ጫፍ ስወስደው ግን ሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ስሰጠው ይተፋል፤ ከገባበት ዘሎ ይወጣል። በመቆሚያው አቁሜ የኋላ ጎማውን አንጠልጥዬ ሳስኬደው ደግሞ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በኩል ቡና የሚወቀጥ የሚመስል ድምፅ አለ። ዘይቱን ሳፈስ ማኪያቶ መስሎ ወረደ፤ በጣቴ ሳሸው ብረት አለው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁልፍ መያዝ የተማርኩት ከአባቴ ጎን ተንበርክኬ ነው። ካምቢዮውን ራሴ አውርጄ ልክፈተው ወይስ እጄን ልሰብስብ?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። መልሶቹ ወደ ሠላሳ ሲጠጉ አዲስ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ ላይ የተመለሰውን መልሶ ይጠይቅ ስለጀመረ፣ በየተራ ምን እንደተባለ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ስድቡን ቀንሼዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አላወጣሁትም፤ አንዱ ስድብ ሞተሬን አድኖታልና።

1ኛው መልስ የጨዋ ሰው ነበር። አባቴን ነፍስ ይማር ካለ በኋላ ሞተሩን ዳግመኛ እንዳላስነሳው ለመነኝ። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ውኃ የገባበት ዘይት ነው፤ ውኃ ደግሞ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት) ያዝጋል፤ የዛገ ኩሽኔታ የሚረግፈው በማርሾቹ ጥርሶች መካከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማቆም፣ ቀጥሎ ፎቶ ማንሳት። 2ኛው ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ፤ እንዳለ እንድሸጠው፣ ገዢ እንዳለው። ስለ ማርሹ አንዲት ቃል የለም። (ይህ ሰው አራት ጊዜ ተመላልሷል፤ አራቱንም ጊዜ ለዋጋ።)

3ኛው ባለ ጃዋ ነው። የእሱ 350 ጃዋ ላይ ማርሽ መቀየሪያውና ማስነሻው አንድ ፔዳል መሆኑን፣ ካምቢዮውም ከሞተሩ ጋር በአንድ ቅርፊት ውስጥ ስለሚቀመጥ አንዲት ማርሽ ለማየት ሙሉ ሞተር ለሁለት መክፈል እንደሚያስፈልግ አወራ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ከወንድሙ ጋር በረንዳ ላይ ሲፈቱ ዝናብ እንዴት እንደመጣባቸውም ተረከ፤ ረጅም ነው፣ አልፈዋለሁ። ቁም ነገሩ የእኔ ካምቢዮ ከሞተሩ ኋላ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ሳጥን ስለሆነ ዕድለኛ መሆኔ ነው።

4ኛው መልስ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። ጻፊው ድሮ እንዲህ ያለ ሞተር የነበረው ሰው ይመስለኛል። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት። በዚህ ሞተር ላይ ሽቦው የሚታሰረው ካምቢዮው ላይ፣ የፍጥነት መለኪያውን ኬብል ጨምቆ በሚይዘው ቡሎን ነው። ያ ቡሎን መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ ካምቢዮው ሲሞቅ የሚተነፍሰው በእሱ ስለሆነ ድፍን ቡሎን የተካበት ሰው ዘይቱ በየመዝጊያ ጎማው ሲወጣ ያያል። አጥብቆ የሚያስረው ደግሞ ይሰብረዋል። ቀጥሎ ባትሪውን፣ የአየር ማጣሪያውን ቤትና የፍሪሲዮን ኬብሉን ማንሳት። ከዚያ ካርዳኑን የሸፈነውን ጎማ ወደ ኋላ ገፍቶ ውስጥ ያሉትን አራት ባለ 12 ጠርዝ ቡሎኖች አንድ በአንድ፣ የኋላ ጎማውን እያዞሩ መፍታት። የኋላውን ሹካ ትንሽ ወደ ኋላ ሲያንሸራትቱት ካምቢዮው የሚወጣበት ቦታ ይገኛል። ሲመለስ እነዚያ አራት ቡሎኖች 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃሉ፤ አሮጌውን የመቆለፊያ ሮንዴላ (ከቡሎን ሥር የሚገባ ቀለበት) መልሶ መጠቀም ክልክል።

እንዳለው አደረግሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ለምሳ ሳልገባ ካምቢዮው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ፎቶ ለጠፍኩ።

ነገር የተበላሸው 5ኛው ላይ ነው። ፎቶውን ያየ አንድ ወጣት ይህን ያህል ከደከምኩ ፍሪሲዮኑንና ቮላኖውንም (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበትን ከባድ ተሽከርካሪ ብረት) አውርጄ ከኋላው ያለውን ዘይት የሚይዝ ጎማ እንድቀይር መከረ። አምስት ቡሎን ብቻ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ምክሩ ምክንያት አለው፤ ቦታው የሚገኘው ካምቢዮው ሲወርድ ብቻ ነው። እኔም ፍሪሲዮኑን አውርጄ ቁልፉን የቮላኖው ቡሎን ላይ አስገብቼ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

6ኛው መልስ ነበር። ጻፊው በገጹ ስሙ ቶርኖ ነው፤ ሁሉም ጋሽ ቶርኖ ይለዋል፣ ዕድሜውን በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ የጨረሰ ሰው ስለሆነ። እኔን ሳይሆን 5ኛውን ነው የሞለጨው፤ ቃላቱን አልደግማቸውም። ከስድቡ ሥር የነበረው ግን ይህ ነው፦ በዚህ ሞተር ላይ ዋናውን ዘንግ ወደ ፊት እንዳይሄድ የያዘው ቮላኖው ራሱ ነው። ቮላኖው ሲነሳ ዘንጉ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ከተንሸራተተ፣ ከውስጥ በኩል ያለው የግፊት ሮንዴላ ከተሰቀለበት ፒን ላይ ይወድቃል። ከውጭ አይታይም። ሰውየው ሳያውቅ ቮላኖውን መልሶ ሲያጠብቅ ሮንዴላውን ይጨፈልቀዋል፤ የሞተሩንም ቤት ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የፊቱን ክዳን ማውለቅ፣ በጀነሬተሩ ቡሎንና በክዳኑ መካከል ዘንጉን የሚደግፍ ነገር ማስገባት፣ ክዳኑን መልሶ ማሰር። የፊቱ ክዳን ከመነካቱ በፊት ደግሞ ባትሪው መፈታቱን ማረጋገጥ፤ ከክዳኑ ጀርባ ያለው የዳዮድ ሰሌዳ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት።

ቁልፉን አወጣሁት። እጄ ላይ ላብ ነበር።

7ኛው ላይ ወጣቱ ተመልሶ መጣ። የሰደቡት ሽማግሌ ማንም ይሁን ማን፣ እሱ ሦስት ሞተር ላይ እንዲህ አድርጎ አንዱም እንዳልተሰበረ ተከራከረ፤ አንተ እያለ። 8ኛው ያንን አንተታ ያዘ፤ ነገሩ ትክክል ቢሆን ባይሆንም በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን ሰው አንተ ማለት ከየት እንደመጣ ጠየቀው። 9ኛው ደግሞ ስድብ ጀምሮ አንቱታ የሚጠብቅ ሽማግሌም እንዳለ አስታወሰ፤ ይህም እውነት ነው። ጋሽ ቶርኖ ለሁለት ቀን ጠፉ። (እኔ ለብቻቸው መልእክት ልኬ አመስግኛቸዋለሁ። መልሳቸው አንድ ቃል ነበር፤ የክዳኑን ፎቶ ላክ።)

ካምቢዮውን ወደ መክፈት ስንመጣ ውይይቱ ከጋራዥ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። 10ኛው እንዳስረዳው የኋላ ክዳኑ ዙሪያ ያሉት ቡሎኖች ቢፈቱም ክዳኑ አይነሳም። ኩሽኔታዎቹ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተጨንቀው የገቡ ናቸው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ ክዳኑን 100 ዲግሪ አካባቢ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ያኔ በእጅ ይነሳል። በካቻቢቴ የሚፈለቅቅ ሰው ዘይት የሚይዘውን ለስላሳ ፊት ይቦጫጭራል። በምን ላሙቀው ብዬ ስጠይቅ 11ኛው ሳይሽኮረመም የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ሙቀቱ እኩል ይሰራጫል፣ ስፋቱ ይበቃል፣ ክዳንም አለው። ልኩ መድረሱን ለማወቅ ጠብታ ውኃ ጣል ማድረግ፤ ከጮኸ ደርሷል።

12ኛዋ በኢንጂነርነት የምትሠራ ሴት ናት፤ ራሷም ሞተር ትነዳለች። ምጣዱን አልተቃወመችም፤ ጠብታውን ግን አረመች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀርመኖቹ ጠብታዋን ሲሰሙ ክዳናቸው መቶን አልፏል፤ እኛ ስንሰማት ገና ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጩኸት በኋላ ትንሽ መታገሥ፣ ከተቻለ በሙቀት መለኪያ ማረጋገጥ። 13ኛው በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረውን መለኪያ አቀረበ። እሷም ያ መሣሪያ የሰው ትኩሳት ብቻ ስለሚያነብ 43 ዲግሪ አካባቢ እንደሚያቆም፣ የእንጀራ ሙቀት እንኳ እንደማያውቅ ነገረችው።

እናቴን ማስፈቀድ ከዚህ ሁሉ ከባዱ ነበር። ዳር ላይ የተሰነጠቀውን አሮጌ ምጣድ ሰጠችኝ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት እንዳላስገባው አስምላ። ካምቢዮውን አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ እንደጠበቅሁ መብራት ጠፋ። ይህን ስጽፍ 14፣ 15 እና 16 ሳቅ ብቻ ነበሩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑ እንደ ድስት ክዳን ተነሳ። ከእሱ በፊት ግን የካርዳን መያዣውን ፍላንጅ ማውጣት ነበረብኝ፤ ሾጣጣ ዘንግ ላይ ተጨንቆ የገባ ነው፣ ዳዶው ሲታሰር 220 ኒውተን ሜትር ያህል ይፈልጋል። በመዶሻ የሚመታው ሰው ዘንጉን ያጎብጣል ስለተባልኩ መንቀያ ማሠራት ነበረብኝ። አባቴ ያውቃቸው የነበሩት ሌላ የቶርኖ ባለሙያ ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሄደዋል። ሁለት ቀን በስልክ አፈላልጌ አገኘኋቸው። የአባቴን ስም ሲሰሙ ሒሳብ አልተቀበሉም።

17ኛው ውይይቱን ወደ ቋንቋ ወሰደው። አማርኛ እያለን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ ማለት አሳፋሪ ነው፤ የማርሽ ሳጥን ይባል። 18ኛው መለሰለት፦ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ላቫጆ ሁሉ ከዚያው ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ እነሱን ካወጣን ቤት የሚቀረን መዶሻ ብቻ ነው፤ ፒያሳና መርካቶም ስማቸው ሊቀየር ነው። 19ኛው ሳይቆጣ ትርጉማቸውን ዘረዘረ። ፍሪሲዮን ሰበቃ ማለት ነው፤ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ፤ ካቻቢቴ ደግሞ ብሎን ነጂ። እኔ ዘንጉ በትንሽ ትራስ ላይ ተኝቶ እንደሚዞር ካነበብኩ ወዲህ ቃሉን ልለውጠው አልፈልግም። 17ኛው ግን አልተረታም፤ ዝም ብሎ ሄደ።

ወደ ኩሽኔታው የመለሱን ጋሽ ቶርኖ ናቸው፣ 20ኛው ላይ፣ በሁለት ቀን ኩርፊያ ማግሥት። ካታሎግ አያስፈልግም አሉ። ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች፣ ከ04 ጀምሮ፣ በአምስት ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ይሰጣሉ፤ 04 ካለ 20 ሚሊሜትር ነው። 6204 ከሆነ ውጩ 47፣ ውፍረቱ 14፤ 6304 ከሆነ ውስጡ ያው 20 ሆኖ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሲ3 የሚል ካለ በኩሽኔታው ውስጥ ያለው ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው፤ ሲሞቅ እንዳይጨነቅ ታስቦ ነውና ያለ ሲ3 መተካት የለበትም። 21ኛው እነዚህን ሁሉ ሶማሌ ተራ በግማሽ ዋጋ አገኛለሁ አለ። ጋሽ ቶርኖም ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም የታተመበት ሁሉ ከዚያ ፋብሪካ የወጣ እንዳልሆነ፣ ሁለት መቶ ብር ለማትረፍ ካምቢዮ ሁለት ጊዜ የሚፈታ ሰው ጊዜው ርካሽ እንደሆነ መለሱለት። ይህ ደግሞ ለእሳቸው የለስላሳው ቃል ነው።

የሁለተኛ ማርሽ ነገር እንዲህ ሆነ። ማርሾቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይዞራሉ፤ ማርሽ ስንቀይር የሚንሸራተተው ጎናቸው ላይ ያለው ጉብታ ነው፣ ሄዶ የጎረቤቱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የእኔዎቹ ጉብታዎች ጠርዛቸው እንደ ተጠባ ከረሜላ ከቦ ነበር። የሚገፋቸው ሹካም ጫፉ ተበልቷል። ይህ በቶርኖ አይድንም። 22ኛው፣ ፍራንክፈርት የሚኖር ልጅ፣ ያገለገለ ሁለተኛ ማርሽና ሹካ ከዚያ ገዝቶ ለሚመጣ ዘመዱ በሻንጣ ሊሰጥልኝ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ዩሮውን ወደ ብር ስመታው ለእናቴ ያልነገርኳት ቁጥር ወጣ። 23ኛው ይልቁንስ ባለ አምስት ማርሹን ካምቢዮ ለምን አትገዛም አለ። 4ኛው ተመልሶ መለሰለት፦ ከ/6 (ከእኔው /5 ቀጥሎ ከወጣው ሞዴል) ጀምሮ የመጣው ባለ አምስቱ ካምቢዮ /5 ላይ መግጠም የተለመደ ነው፤ ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ የተሠራው ግን የፍሪሲዮኑ አሠራር ተቀይሮ ስለነበር እንዳለ አይገጥምም። ለእኔ አባቴ የነዳው አራት ይበቃኛል።

24ኛው ስለ ዘይት ነው፤ ከሁሉም የጦፈው። አንዱ 80 ደብሊው 90 ጂኤል 5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ነሐስ ይበላል፣ ካምቢዮ ያጠፋል ብሎ ምሎ ተገዘተ። ኢንጂነሯ መለሰች፦ ክሱ የሚነሣው የነሐስ ቀለበት ባላቸው የመኪና ካምቢዮዎች ላይ ነው፤ ይህ ካምቢዮ ያ ቀለበት ፈጽሞ የለውም። ሰውየው ሴት ልጅ ስለ ካምቢዮ ምን ታውቃለች የሚል ነገር ጻፈ። ከዚያ የሆነውን ለመናገር ቦታው አይበቃም፤ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ እሱም ከዚያ ወዲህ አልታየም። የሚያስቀው ባለ ምጣዱ 11ኛውና የተሰደበው 5ኛው ለእሷ ተደርበው አብረው መቆማቸው ነው። ዘይቱ 800 ሚሊሊትር ይገባል።

ግን ውኃው ከየት ገባ? ይህን ማንም አልጠየቀም ነበር። 25ኛው፣ በአጭሩ፣ አባቴ ሞተሩን የት ያሳጥብ እንደነበር ጠየቀኝ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ላቫጆ። የፍጥነት መለኪያው ኬብል ካምቢዮው ውስጥ የሚገባበትን ትንሿን ጎማ እንዳይ ላከኝ። ለሁለት ተሰንጥቃለች። የላቫጆ ግፊት ያለው ውኃ ኬብሉን ተከትሎ ቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ ይወርዳል ማለት ነው። ያቺ ጎማ ከጠቅላላው ዕቃ ሁሉ ርካሿ ናት። አባቴ ያን ሞተር ከልጆቹ ይበልጥ ያጥበው ነበር።

የቀረው ልክ ነው። ሦስቱ ዘንጎች ክዳኑ ሲገጠም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚኖራቸው ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ ዜሮም ሆኖ እንዳይጨነቅ፤ ስለዚህ ወደ 0.05 ማነጣጠር። የኩሽኔታው ከፍታ ከቤቱ ፊት ይለካል፣ የክዳኑ ጉድጓድ ጥልቀት ይለካል፣ የጓርኒሲዮኑ (በክዳኑና በቤቱ መካከል የሚገባው ስስ መዝጊያ) ውፍረት ይደመራል፣ ልዩነቱ በቀጫጭን ሮንዴላ ይሞላል። 26ኛው እሱ በሕይወቱ ለክቶ እንደማያውቅና የወጣውን ሮንዴላ መልሶ እንደሚያስገባ ፎከረ። አዲስ ኩሽኔታ ካስገባን ግን አሮጌው ሮንዴላ የአሮጌው ልክ ነው። ይህ ክፍል ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛው በዓል ነበር፤ ሦስት ምሽት ለክቼ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ አወጣሁ፤ ሁለተኛው ዘንግ ላይ ስሕተቴን ያገኘው 5ኛው ነው፤ የጓርኒሲዮኑን ውፍረት ሁለት ጊዜ ቆጥሬው ነበር። ጋሽ ቶርኖ በዚያ መልእክት ሥር ጎበዝ የሚል ጻፉለት።

ኩሽኔታዎቹን ማታ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከሥጋው አጠገብ፣ አሳደርኳቸው። ክዳኑ ምጣዱ ላይ፤ መብራቱም አልጠፋም። ወደ ቦታው ሲገባ ምንም ድምፅ አላሰማም። ካምቢዮው ከመመለሱ በፊት የፍሪሲዮኑን ዲስክ የሚይዙትን የዘንጉን ጥርሶች ግራሶ ቀባሁ፤ ብዙ ከተቀባ ዲስኩ ላይ ስለሚረጭ በጣት ጫፍ ብቻ። ሁለተኛ ማርሽ አሁን ጋዝ ብሰጠውም አይተፋም። የቡናው ወቀጣ ጠፍቷል።

27ኛው መልስ እንኳን ደስ አለህ ነው። 28ኛው ያ 2ኛው ሰው ነው፤ ዋጋ ይጠይቃል። 29ኛው የጋሽ ቶርኖ፦ በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን አፍስሼ የብረት ፍርፋሪ ካለ እንዳይና ፎቶ እንድልክ። ታርጋውና ፈቃዱ ገና አልተስተካከሉም። ከግቢው በር እስከ ኮብልስቶኑ ጫፍ በእርምጃ ለካሁት፤ ሲሄድና ሲመለስ 180 ሜትር ነው። ትናንት ማታ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሰባተኛው ላይ ጎረቤታችን በመስኮት ስሜን ጠራ።